ጀርባ የሌለው የድንጋይ ቤት

የወልቂጤው ነጋዴ ገብሬ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት ካልሠራሁ ብሎ ሲነሳ፣ ሚስቱ ወርቅነሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ የምሩን መሆኑን ስታይ ጸሎት ያዘች።

ነገሩ የመጣው ከአንድ አሮጌ ካላንደር ነው። ፎቶው ላይ የጥንት የድንጋይ ቤት አለ፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው መሀሉ የሰረጎደ፣ በሩ አጭር፣ አንደኛው መስኮት በድንጋይ የተደፈነ። ገብሬን የማረከው ውበቱ አይደለም። ድንጋይ ስለሆነ አለመንደዱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ዘርጋ፣ በጉንችሬ ከተማ ያለውን የአባታቸውን የሣር ክዳን ቤት አፍርሶ በቆርቆሮ ሲተካ፣ አባታቸው ዕድሜ ልኩን ተደግፎት የኖረውን ምሰሶ ፈልጦ አንድዶታል።

“ምሰሶ ያነደደ እጅ ቤቴን አይንካ!” አለ ገብሬ በሰው ፊት።

“እኔም ደጅህ ላይ አንገቴን አልደፋም!” ብሎ ማለ ዘርጋ።

ከዚያ ወዲህ መስቀልን ለየብቻ ዋሉ። ገብሬ ክትፎው በቀረበ ቁጥር ወንድሙ ይናፍቀዋል።

ግንበኛው ያረጋል የጎጃም ሰው ነው። ድንጋይ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ አሠሪ ግን ገጥሞት አያውቅም።

“ጋሼ ገብሬ፣ ጣሪያውን ቀጥ ላድርገው?”

“ፎቶው ላይ ሰርጉዷል። አሰርጉደው።”

“ያ እኮ በእርጅና ነው!”

“እኛ እስኪያረጅ የምንጠብቅበት ዕድሜ የለንም።”

ያረጋል የተደፈነውን መስኮት ከመጀመሪያው ድፍን ግድግዳ አድርጎ ሊያልፈው ሞከረ። ገብሬ “መስኮት ሳይኖር ምኑ ይደፈናል?” ብሎ አስፈረሰው። ስለዚህ መስኮት ተከፈተ፣ ከዚያም ተደፈነ።

ጣጣው የመጣው ጀርባው ላይ ሲደርሱ ነው። ፎቶው የሚያሳየው ፊትና ጎኑን ብቻ ነው። “ያላየሁትን አላስገነባም” አለ ገብሬ። ጀርባው ክፍቱን ቀረ፤ ጣሪያውም በባሕር ዛፍ ድጋፍ ቆመ። የጎረቤት ላም በዚያ በኩል እየገባች ምድጃው አጠገብ ማመንዠግ ለመደች። ገብሬ ግን ማታ ማታ የፊቱን በር በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል።

መስቀል ሲቃረብ ወርቅነሽ ለዘርጋ ሰው ላከች። እሺ፣ እመጣለሁ አለ። ገብሬ ደስታውን ሳይጨርስ ወርቅነሽ ወደ በሩ አመለከተች።

“ያ ረጅም ሰው በዚህ ሳይጎነበስ ይገባል? መሐላ እንዳለበት ረሳህ? ከፍ አስደርገው!”

“ፎቶውስ?”

“ወንድምህ ፎቶው ነው?”

ገብሬ መዶሻ አነሳ። ያረጋል እየጮኸ ደረሰ፤ “ከበሩ በላይ ያለውን ጉበን ከነካህ ፊቱ በሙሉ ይናዳል!” በሩ እንዳጠረ ቀረ።

ዘርጋ በመስቀል ዕለት መጣ። ገብሬ ውስጥ ሆኖ በበሩ ሲመለከት ጫማውን፣ ሱሪውን፣ የኮቱን ቁልፎች አየ። ፊቱን ግን ጉበኑ ከልሎታል። ኮቱ ደጅ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

“ሄደ” አለ ገብሬ፤ ኩርሲው ላይ ዘፍ ብሎ አለቀሰ። “ለካላንደር ብዬ ወንድሜን አጣሁ።”

ይህን ሲል ከኋላው ላሟ እምቧ አለች። ዞር ቢል ዘርጋ ከግንባታው የተረፈ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ በክፍቱ ጀርባ እየገባ ነው።

“የማልሁት ስለ ደጅህ ነው” አለ። “ይህ ደጅ አይደለም። ድንጋዩ ስለ አባባ ምሰሶ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።”

ገብሬ ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ዘርጋ እንደምንም ነፃ ወጥቶ ላሟንና ሜዳውን አየና፣ “በል ይህን ለጀርባው ግድግዳ መጀመሪያ አድርገው” አለ። ያረጋል ይህን ሲሰማ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ሲሚንቶ ሊያመጣ ሮጠ።

“ተመለስ!” ብሎ ጮኸ ገብሬ። “ግድግዳው ከቆመ ወንድሜ በየት ይገባል?”

ድንጋዩን ተቀብሎ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠና ዘርጋን እላዩ ላይ አስቀመጠው። ላሟ ትንሽ ፈቀቅ አለችለት።