ዐሥር ሺህ ያልሞላች መኪና

የጋራዡ ሰዎች «ሊቁ» ይሉታል። ፊት ለፊቱ አክብረው ነው፤ ጀርባውን ሲሰጣቸው ደግሞ አሽሟጠው። እንጀራው የኢንሹራንስ ገማችነት ነው። የተጋጨ መኪና አጠገብ ጎንበስ ብሎ ብረቱን በጣቱ መታ መታ ያደርግና ግጭቱ ከዋጋው ስንት እንደበላ እዚያው ይናገራል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ቢያለቅስ እንኳ ዓይኑ ከብረቱ አይነሳም።

በመኪና ነገር ደግሞ አፉ አይከደንም። «ቱርቦ ማለት እኮ በውሰት ሳንባ መሮጥ ነው!» ይላል ጋራዡ በር ላይ ቆሞ። «አውቶማቲክ ማርሽስ? መንዳት ለሰለቸው ሰው የተሠራ ሶፋ! አዲስ መኪና የሚገዛ ሞኝ ነው፤ ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ ዋጋው ይሟሽሻል። ጥቂት የተመረተ፣ ጥቂት የተነዳ ያዙ። ሀብት እሱ ነው።»

«ጋሼ፣ ካልተነዳ ታዲያ ምኑን መኪና ሆነ?» ይለዋል መካኒኩ እየሳቀ።

«አይገባህም» ብሎት ይሄዳል።

የራሱ መኪና ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ፈጣን መኪና ናት። የተቀመጠችው ምድር ቤት፣ ሚስቱ ልብስ ትሰፋበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዋ ኮሪደር ላይ ወጣ፤ መኪና መኪናን አስወጣ ብላ ያን ጊዜ ስቃለች። ሊቁ በየእሑዱ ሸራውን ገፎ ያብሳታል፣ ሞተሯን አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል፣ መልሶ ያጠፋታል። ከቦታዋ ግን ንቅንቅ አያደርጋትም።

ሚስቱ ከዚያች መኪና የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር። ሲገዛት፣ በተራራው መንገድ ወርደን ሐይቁን አሳይሻለሁ ብሎ በአፉ ቃል ገብቶላታል። መጀመሪያ መንገዱ ይጠገን አለ። ቀጥሎ ጭቃው ይድረቅ አለ። እንዲህ እንዲህ ሲል የዓይን ግፊት ያዛት፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ሐኪሙም የሄደው እንደማይመለስ፣ ያለውም እየቀነሰ እንደሚሄድ ቁርጡን ነገራት።

«ሐይቁን ሳላይ ዓይኔ ቢጠፋ ይቆጨኛል» አለችው። «ቅዳሜ ውሰደኝ።»

«ለምን በአውቶቡስ አንሄድም?»

«በአውቶቡስማ ብቻዬንም እሄድ ነበር። በሷ ነው ያልከኝ።»

ሊቁ በልቡ አሰላው። መኪናዋ ዐሥር ሺህ ኪሎሜትር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ሐይቁ ደርሶ መመለስ ያንን ያሳልፋታል። «ዐሥር ሺህ ያልሞላች ሌላ ዋጋ ናት፣ ያለፋት ሌላ» አላት። «ገዢ እየጠበቅኩ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ይመጣል። ትንሽ ታገሺ እንጂ!»

«እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሐይቁ አላነሳችም።

ገዢው የመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ጡረታ የወጣ አብራሪ። የኪሎሜትር ቆጣሪውን አይቶ ደስ አለው። ኮፈኑን ሲያስከፍት ግን ፊቱ ተለወጠ። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት የሞተሩ ጎማዎች ያለ ሥራ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ ከሥር ዘይት ያንጠባጥባል። የእግር ጎማዎቹም አንድ ቦታ ቆመው ቆመው በአንድ ጎናቸው ጠፍጥፈዋል።

«ወንድሜ፣ እኔ የምነዳት እንጂ የምሳለማት መኪና አልፈልግም» አለና አንድ ዋጋ ጠራ። ሊቁ ለተገለበጠ መኪና የሚጽፈው ዓይነት ዋጋ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሊቁ እልህ ያዘው። ጎማ አስቀየረ፣ ዘይት የሚያፈሰውን አስጠገነ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ «ተነሺ፣ ሐይቅ እንሂድ!» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሷ ግን ነገር ሳታበዛ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወረደች። የበሩን እጀታ ፍለጋ መዳፏን በመኪናዋ ጎን ላይ ስታንሸራትት አያትና፣

«ቀስ በይ! ቀለበትሽ ቀለሙን ይጭረዋል!» አለ።

እጇን ሰበሰበች። በሩን ከፈተላት።

ተራራውን ሲወርዱ መኪናዋ እሱ ሲመካባት እንደኖረው ናት፤ ኩርባውን አጥብቃ ትይዛለች፣ ሞተሯ ያገሳል። ሊቁ ግን አልጣመውም። አንድ ዓይኑ ከቆጣሪው አልተነቀለም፤ ዐሥር ሺህ ሲሞላ መሪውን በመዳፉ መታ። መጨረሻው ኩርባ ላይ አቆመ።

«ይኸው!» አለ በንዴት። «አየሽ?»

ሐይቁ በሷ በኩል ነበር። እሷ ፊት ለፊቷ ታያለች።

«በየት በኩል ነው?» አለችው።

ሊቁ ዞሮ አያት፤ ዓይኗን አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በዝናቡ መሐል። ውሰደኝ ባልኩህ ቅዳሜማ ገና አይ ነበር።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ስንት ቀነሰች ብለህ እንዳትገምተኝ ፈራሁ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መስኮቱን በዳበሳ አወረደችና ነፋሱን ተቀበለች። «በል፣ ምን ይመስላል? አንተ ንገረኝ።»

ያ አፉ የማይከደነው ሰው ቀና ብሎ ሐይቁን አየ።

«ውሃ ነው» ብቻ አለ።