ላላስቸግርህ ብዬ

ደንበኛ ሲነዘንዘኝ ደስ ይለኛል። ሳን ሆዜ ውስጥ ጄኔሬተሯ በሳምንት አንዴ ለሙከራ በተነሳ ቁጥር «ዛሬ ድምፁ ወፈረብኝ» እያለች የምትደውል አንዲት ሴት አለች። የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ቁጥሯን ሲያዩ ወደ እኔ ያስተላልፏታል፤ እኔ ግን አልማረርባትም። የእሷ ማሽን አንድም ቀን ጉድ ሠርቷት አያውቅም። የምፈራው ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ሰው ነው። እሱን መፍራት የጀመርኩትም ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ነው።

ሥራዬ የቤት ጄኔሬተር መትከልና መጠገን ነው። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ የናፍጣ ጄኔሬተር ስጠብቅ ነው። በዲቪ ስመጣ የተቀበሉኝ ኦክላንድ የሚኖሩት ጋሽ ንጋቱና ባለቤታቸው እትዬ የወርቅውሃ ናቸው። ዘመዶቼ አይደሉም፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሰው በሰው ተገናኝተን ምድር ቤታቸው ውስጥ ስምንት ወር አስቀመጡኝ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ስወድቅ፣ ሦስቱንም ጊዜ በመኪናቸው የወሰዱኝ እትዬ የወርቅውሃ ነበሩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ይስቁብኝ ነበር፤ በአራተኛው ሳልፍ ግን አለቀሱ። እና ከዚያ ቤት ሰዎች አንዳቸው አንድ ነገር ሲሉኝ «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለማመካኛ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ እንዲገባችሁ ነው።

እትዬ የወርቅውሃ ሳንባቸውን ታመሙ። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ድረስ የሚያደርስ ማሽን ቤት ገባ። ያ ማሽን ከግድግዳው መብራት ከተነቀለ ምንም የማይረባ ዕቃ ነው። ቤታቸው ደግሞ ኮረብታው ላይ ነው፤ ደረቁ ነፋስ ሲነሳ ሽቦ ወድቆ እሳት እንዳያስነሳ ተብሎ መብራት ሆን ተብሎ የሚጠፋበት ሰፈር። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶባቸው፣ ማሽኑን ተሸክመው ሳን ሊያንድሮ የነበረው አፓርትመንቴ መጥተው አደሩ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ንጋቱ ጄኔሬተር ካልገዛሁ አሉ።

መጀመሪያ ያዩት በጎማ የሚገፋውን ትንሹን ነበር።

«ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ። «ውጭ ካደረግኩት ይወስዱብኛል።»

«ጋሽዬ፣ ጋራዥ ውስጥ ካስነሱት ጭሱ ሁለታችሁንም ይጨርሳችኋል። ደግሞ በየጊዜው ቤንዚኑን ማን ይሞላል? በገመድ ጎትቶስ ማን ያስነሳዋል?»

«እኔ ምን አነሰኝ?»

«ምንም አላነሰህም፤ ዕድሜው ነው የበዛብህ» አሉ እትዬ የወርቅውሃ ከሶፋው ላይ።

አንድ ሻጭ ደግሞ ቤቱን በሙሉ ከነኤር ኮንዲሽኑ የሚያሠራ ትልቅ ማሽን ሊሸጥላቸው መጥቶ ነበር። እኔ ወረቀት አውጥቼ ኪችናቸው ውስጥ ተቀመጥኩና መብራት ሲጠፋ ምን ምን ካልሠራ መኖር እንደማይችሉ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። የኦክስጅኑ ማሽን፣ ፍሪጁ፣ ማሞቂያው፣ የመኝታ ቤቱና የኪችኑ መብራት። ጋሽ ንጋቱ ቴሌቪዥኑን ካልጨመርክ ብለው ተከራከሩኝ፤ ጨመርኩላቸው። ተደምሮ መካከለኛው በቂ ሆነ። ቤንዚን መሙላት እንዳይኖር፣ ምድጃቸው ከሚሠራበት የጋዝ መስመር ላይ እንዲቀጠል አደረግኩ። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ጋዙም ሊቋረጥ ስለሚችል ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር ምንጊዜም ሞልቶ ይቀመጥ አልኩ። የከተማው የተከላ ፈቃድ ሦስት ወር ፈጀ። ከመስኮት አርቄ፣ ቆሻሻ ለመጣል በሚወጣበት በር በኩል ሲሚንቶ አፍስሼ ተከልኩት። መብራት ሲጠፋ ሰው ሳይነካው በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ይነሳል።

ሥራውን የጨረስኩ ቀን ጋሽ ንጋቱ ፖስታ ኪሴ ውስጥ ከተቱ። አውጥቼ መለስኩላቸው። እንደገና ከተቱ። በር ላይ እንደ ልጅ ተያይዘን ታገልን፣ እትዬ የወርቅውሃ እያሳሉ ሳቁብን፤ በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ። ያን ዕለት ኮርቼ ነበር ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ጄኔሬተር የቆመ መኪና ማለት ነው፤ ካልተነሳ ይሞታል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ራሱን አስነስቶ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሠራና ይጠፋል። እምቢ ካለ ቀይ መብራት ያበራል፣ ይጮሃል። እነሱ ነቅተው እንዲሰሙት ብዬ ሙከራውን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አደረግኩት። የረሳሁት ነገር ቢኖር ቅዳሜ አራት ሰዓት እነሱ ሳሎን የጸሎት ኅብረት መኖሩን ነው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ እኔም እዚያው ነበርኩ። ወንድም ሚልክያስ ለእትዬ የወርቅውሃ ፈውስ አጥብቆ እየጸለየ ሳለ ሞተሩ ተነሳ። ሚልክያስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሞተሩ ቀጠለ። አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ንጋቱ በዓይናቸው ጠቀሱኝና ተከትለውኝ ወጡ።

«ይቺን ነገር ዝጋልኝ» አሉኝ። «ሲያስፈልግ ትነሳለች። የእግዚአብሔርን ስም በምንጠራበት ሰዓት አታስጩኻት፤ ሰዉን አሳፈርኩት።»

«ቀኑን እቀይረዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። መቀየሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ግን እሳቸው እጃቸውን አጣምረው አጠገቤ ቆመዋል፤ በመስኮቱ በኩል ያጎነበሰው ሰው ሁሉ ይታየኛል፤ ለሽማግሌ መልስ መስጠት፣ ያውም የእሳቸው ቤት፣ ያውም ሰው እየሰማ፣ ከበደኝ። «እሺ ጋሽዬ» ብዬ ሙከራውን ዘጋሁት። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ከጸሎቱ በኋላ ምግብ ቀረበ፣ ጨዋታ ደራ፣ ረሳሁት።

ከዚያ ሥራ ወደ ሳን ሆዜ ወሰደኝ። ማሽኑ በዓመቱ ዘይቱ መቀየር፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ መታየት ነበረበት። ለደንበኛ ቢሆን ኮምፒውተሩ ቀኑን ጠብቆ ያስታውሰኛል፤ የእነሱን ግን በነጻ ስለሠራሁት የትም አልመዘገብኩትም። በስልክ «ማሽኗ እንዴት ናት?» እላለሁ፤ «ደህና ናት፣ ተባረክ» ይሉኛል። ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ሁለተኛው ጥቅምት እንዲህ እያለ ደረሰ።

ነፋሱ የተነሳው ሐሙስ ነው። እኔ ፕሌዘንተን ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ ጣሪያ ላይ እየሠራሁ ነበር። የኦክላንድ ኮረብታ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ማስጠንቀቂያው ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ እነሱ ማሽን አላቸው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ልክ ነኝ ብዬ ነበር። እኩለ ቀን ገደማ ጋሽ ንጋቱ ደወሉ።

«አሳምነው ልጄ፣ እንደምን ዋልክ?»

«ደህና ነኝ ጋሽዬ። መብራት ጠፋ እንዴ?»

«ጤናህ ደህና ነው? ሥራስ? ቢዚ ሆነህ ይሆናል፤ ላስቸግርህ ነው።»

«ጋሽዬ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ኧረ ምንም። መብራቱ ከሄደ ሁለት ሰዓት አለፈው፤ ይቺ ማሽን እስካሁን አልተነሳችም። አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች እያልኩ ስጠብቅ… አንዱን ሲሊንደር እሁድ እሷን ቸርች ስንወስዳት ጨርሰነዋል፤ ይሄኛውም ሊያልቅ መሰለኝ። የወርቄ ትንሽ ደክሟታል። ሲመችህ ብቅ ብትል…»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩባቸው። «አሁኑኑ ናይን ዋን ዋን ይደውሉ!» አልኩና ዕቃዬን ጣሪያው ላይ ትቼ ወረድኩ።

መንገዱ ተዘጋግቶ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። ስደርስ አምቡላንሱ ወስዷቸው ሄዷል፤ ጋሽ ንጋቱም አብረው ሄደዋል። የውጩን በር ክፍቱን ትተውት ነበር። የጄኔሬተሩን ክዳን ከፈትኩት። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ ሞቷል። ከመኪናዬ ባትሪ ሽቦ ስቤ ስነካው በመጀመሪያው ተነሳ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ቤት ውስጥ የኦክስጅኑ ማሽን ጮኾ ሥራውን ጀመረ። ገብቼ አየሁት፤ ቱቦው ትራሱ ላይ ወድቆ ለባዶ አልጋ እየተነፈሰ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሳለቅስ ቆይቼ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ራሱ የሚመዘግብበትን ማህደር አነበብኩ። ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ «ባትሪ ደክሟል» እያለ ቢጫ መብራት ሲያበራ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ሳምንታዊው ሙከራ የተዘጋበት ቀን ተጽፏል። የመጋቢት ቅዳሜ።

እትዬ የወርቅውሃ ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታል አረፉ። ልጃቸው ጽናት ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ለምን እንዳልተነሳ ጠየቀችኝ። «ባትሪው ሞቶ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው የተመቸኝ። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ጌታ ሰበሰባቸው፣ ከሥቃይ አሳረፋቸው እያለ ያጽናናል። እኔ በውስጤ እቃጠል ነበር። ጌታን የባትሪ ሥራ ውስጥ ምን አስገባችሁት ልላቸው ይቃጣኝና፣ ወንበር አጥፌ፣ ውሃ አድዬ እወጣለሁ። በየቀኑ ከሳን ሆዜ እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ ሰዉ «እንደ ልጅ ሆነላቸው» ይለኛል።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳው ቀለል ብሎ ኪችን ውስጥ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ጽናት ቆሻሻ ጥላ ተመለሰችና በሩን ይዛ ቆመች።

«ዳድ፣ ያ የጄኔሬተሩ ላይት አሁን ግሪን ሆኗል» አለች። «ሰመሩን ሁሉ ግን የሎው ነበር። ኦገስት ላይ ጠየቅኩህ። አሳምነው ያውቃል አልከኝ። ዲድ ዩ ኮል ሂም?»

ጋሽ ንጋቱ ጠረጴዛውን እያዩ «አልደወልኩም» አሉ።

«ዋይ?»

«ላላስቸግረው ብዬ ነዋ። ሳን ሆዜ ነው ያለው። ያን ሁሉ ሥራ ሠርቶልን ሳንቲም አልተቀበለኝም። ደግሞ ትንሽ መብራት ቢጫ ሆነች ብዬ ልጥራው? አፈርኩ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደውዬ እጮህበት ነበር።» ቀና አሉ። «እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

አንድ አፍታ ቀለለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ቀለለኝ። ሰውየው ራሳቸው ተሸክመውልኛል፤ ዝም ብል የሚያውቅ ማንም የለም። ቀጥሎ ፊታቸውን አየሁት። አሥሩን ቀን ምግብ እምቢ ያሉት በሐዘን ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ሙከራውን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዝጋ ያልኩህ እኔ ነኝ እኮ።»

«እርስዎ የማሽን ነገር አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። ቀኑን መቀየር አንድ ደቂቃ ነበር። እምቢ ማለት ከብዶኝ ዘጋሁት። ክፍት ቢሆን ኖሮ ነሐሴ ላይ አልነሳም ብሎ ይጮህ ነበር። በዓመቱም መጥቼ ማየት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። ጽናት ስትጠይቀኝም ‘ባትሪው ነው’ ብዬ አለፍኳት።»

ጽናት አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ። «ቴን ዴይስ» አለች። «አባቴ እንዲህ ሲያልቅ ቴን ዴይስ እዚህ እየመጣህ ወንበር ስታጥፍ ነበር።» በሩን ከፍታ ወጣች፤ መኪናዋ ስትነሳ ሰማሁ።

ጋሽ ንጋቱ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያባርሩኝ በወደድኩ።

«ደውዬልህ ቢሆን ትመጣ ነበር?» አሉኝ።

«የዚያኑ ዕለት።»

«እኔም ያን ቅዳሜ ‘አይሆንም ጋሽዬ’ ብትለኝ እሰማህ ነበር።» ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «ተከባብረን ገደልናት» አሉ።

በዚያ ሰሞን እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ገና ሲጀምሩ ሰው ሁሉ «ኧረ እንዲህ አይባልም» እያለ ያቋርጣቸው ነበር፤ እኔም ከሰዉ ጋር ይህንኑ ስል ሰንብቻለሁ። ያን ጊዜ ግን «እንዲህ አይባልም» አላልኳቸውም።