በፕላስቲክ የታሸገው ማኅተም

ሙኒት ያንን ወረቀት ላሚኔት ያስደረገችው ልታከብረው ብላ ነው። ዲፕሎማውንም የጋብቻ ወረቀቱንም በፕላስቲክ አሳሽጎ ሳጥን ውስጥ ከሚቆልፍ አገር ለመጣች ሴት፣ ለወረቀት ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል?

ወረቀቱም ዝም ብሎ ወረቀት አልነበረም። የጓደኛዋ የትንሳኤ አስከሬን ከሳውዲዋ ከተማ ከደማም ወጥቶ አገሩ እንዲገባ፣ የትንሳኤ አባት አቶ ተፈሪ ፍርድ ቤት ደጅ ጠንተው ያስወጡት የወራሽነት ማስረጃ ነው። የፍርድ ቤቱ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ የውጭ ጉዳይም፣ የኤምባሲውም እንዲሁ። የቀረው እዚሁ ደማም የሚመታው የመጨረሻው ማኅተም ነው። የትንሳኤ ካፊል፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም እስከ ሐሙስ ካላለቀ እዚሁ ትቀበር ብሏል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

የነሐሴን የደማም ወበቅ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ወረቀት ሳይቀር ያልበዋል። ሙኒት የማኅተሙ ቀለም እንዳይለቅ ፈርታ አል አዳማ ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ አሳሸገችው። ስትወጣ ልቧ እፎይ ብሎ ነበር፣ ምስኪን!

የመጨረሻው ማኅተም በሚመታበት መሥሪያ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል የተቀበላት ወጣት ጸሐፊ ወረቀቱን አገላበጠው። ከዚያ የራሱን ማኅተም ቀለም አስነክቶ ፕላስቲኩ ላይ መታና በአውራ ጣቱ አበስ አደረገው። ቀለሙ ተጠርጎ ጠፋ።

«አየሽ እህቴ፣ አይዝም» አላት በዐረብኛ፣ ረጋ ብሎ። «ፕላስቲኩን አንሽና ሳንዘጋ መልሰሽ አምጪው።»

ውጭ መኪና ውስጥ የሚጠብቃት የካፊሉ ሾፌር ሙሄዲን፣ የወሎ ልጅ ነው። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ይኼማ በምላጭ የሚላጥ ነው» አለና ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋው።

ጠርዙ እሺ ብሎ ተላጠ። ጽሑፉ ጋ ሲደርስም ደህና ነበር። የፍርድ ቤቱ ክብ ማኅተም ላይ ሲደርስ ግን ፕላስቲኩ ከነቀለሙ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ የቀረው የተላጠ ነጭ ክብ ነው።

«ወላሂ ቀስ ብዬ ነበር» አለ ሙሄዲን። ምላጩን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ሙኒት ፕላስቲኩን መልሳ በመዳፏ ተጫነችው። የጅል ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ምን ታድርግ? እንደዚያው ተሸክማው ተመለሰች። ጸሐፊው አልተቆጣም። ቢቆጣትማ ትለምነው፣ ታለቅስበት ነበር። «የፍርድ ቤት ማኅተም የሌለው ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ደረጃው ላይ ሳለች አቶ ተፈሪ ደወሉ።

«ሙኒትዬ፣ አለቀልን?»

«አባባ፣ ወረቀቱን አበላሸሁት። እንዳይበላሽ ብዬ በፕላስቲክ አሳሸግሁት፣ ማኅተሙ ተላጠ። አልቀበልም አሉኝ።»

 በስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማታል።

«ተይ፣ አታልቅሺ ልጄ። ለደግ ብለሽ ነው» አሉ። «ፍርድ ቤቱ ለክረምት ቢዘጋም ተረኛ ዳኛ አይጠፋም፣ ነገ ማልጄ ሄጄ ሌላ አስጽፋለሁ።»

ነገ ሐሙስ ነው። የካፊሉን ቀነ ገደብ እስካሁን አልነገረቻቸውም። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን ቀደሟትና ቀጠሉ፦

«ብቻ ቶሎ ትምጣልኝ። ከእናቷ ጎን ያስቆፈርኩላት ጉድጓድ ውሃ እየሞላ አስቸግሮኛል። ጠዋት ማታ በባልዲ እጨልፋለሁ።»