ሞጆ ላይ የተደፋው መድኃኒት

ጉዲቱ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ሆና ቅጽል ስም ያላወጣችለት መምህር አልነበረም። የአባቷን ብልቃጥ ከናዝሬት አዲስ አበባ እንድታደርስ የተላከችውም በዚሁ ድፍረቷ ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ሎሚ በሽተኛ ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

አባቷ አቶ መርዳሳ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ምላሳቸው ጠርዝ ላይ የወጣች ቁስል አራት ወር ሙሉ አልድን ስትል፣ ዶክተር ፈይሳ የምስር ክክ የምታህል ሥጋ ቆርጠው ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚጠብቅ ፎርማሊን በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ነከሯት።

«ላቦራቶሪው በቀለም ያያታል» አሉ። «ቁስሉ ካንሰር ሆኖ መስፋፋት ሲጀምር ሥጋው ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን አለ። ቀለሙ ከያዘ የታመመውን ቦታ ቶሎ ቆርጠን እናወጣለን። ካልያዘ እንጠብቃለን። ብልቃጡን እንዳትከፍቺው!»

«ደግሞ ሥጋ አይቼ አላውቅ ብዬ ልከፍተው ነው?» አለች ጉዲቱ።

አውቶቡሱ ገና ከናዝሬት ሳይርቅ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ፎርማሊኑ ይሸት ጀመር።

«ኧረ ማነው ሬሳ የጫነው?» አለ አንዱ ከኋላ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ከአጠገቧ የተቀመጠው ጎፈሬያም ተማሪ፣ ስንት ተጨንቃ ያጫወተችው፣ አፍንጫውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። በሰው ስትስቅ የኖረች ልጅ ሲሳቅባት ምድር ጠበባት። ሞጆ ላይ ሲቆሙ ወርዳ ፎርማሊኑን ቦይ ውስጥ ደፋችና የቧንቧ ውሃ ሞላችበት። ሥጋ እንደሆነ ሥጋ ነው፣ ምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ስትደርስ ላቦራቶሪው በአብዮት በዓል ተዘግቶ ጠበቃት። ብልቃጡ አክስቷ ቡዜ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። ውሃው ደፈረሰ፤ ሽታውም ሌላ ሆነ። በአራተኛው ቀን ተቀባዩ ሰውዬ ከፍቶ ፊቱን ቋጠረ።

«በምንድነው የነከራችሁት?»

«በሰጡን መድኃኒት ነዋ!» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ከወር በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ቀለሙ አልያዘም። ዶክተር ፈይሳ ምናልባት ብለው ለሐሙስ ይዘውት የነበረውን ቀዶ ሕክምና ሰርዘው «ከስድስት ወር በኋላ እንተያይ» አሉ። ቤቱ በደስታ ሲሞላ ጉዲቱ ብቻ አልተደሰተችም። የበሰበሰ ሥጋ ምን ቀለም ይይዛል? አባቷ ዳቦ በሻይ አርሰው ሲውጡ እንኳ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ታያለች።

እሑድ ከሰዓት የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ የሚሰበሰቡት በየቤቱ ነው፤ ዝማሬው ቀበሌ ጆሮ እንዳይገባ ሬዲዮኑ ጮክ ተደርጎ ይከፈታል። ሁሉም በየተራ ከመሰከረ በኋላ ሽማግሌው አቶ ቀነዓ «አሁን ደግሞ ብልቃጡን ያደረሰች ልጃችን ትመስክር!» አሉ።

«ገለቶሚ ያ ዋቃ!» ብላ ወይዘሮ ሎሚ አምላኳን አመሰገነች።

ጉዲቱ ተነሣች። «ውሃ ነው የነበረው» አለች። ሬዲዮኑ የሰልፍ ዘፈን ያንባርቃል።

«አልተሰማም የኔ ልጅ፣ ጮክ በይ!»

«ፎርማሊኑን ሞጆ ላይ ደፋሁት! ሸተተ ብለው ስለሳቁብኝ። ሥጋው ውሃ ውስጥ በስብሶ ነው ያደረስኩት። ቀለሙ ያልያዘው ለዚያ ይሆናል!»

እልል ሊሉ የነበሩ ሴቶች አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ወይዘሮ ሎሚ ልትመታት እጇን አነሣችና መልሳ የራሷን አፍ ያዘችበት።

«ወር ሙሉ?» አሉ አቶ መርዳሳ። ምላሳቸው ስለሚያማቸው ቃሉን ቀስ ብለው ነው ያወጡት።

«በየቀኑ ልነግርዎ ነበር አባባ።»

«በየቀኑ እኮ ስታስቂኝ ነበር።»

ከዚህ ሌላ አልተቆጧትም። ኮታቸውን ለበሱ። «ተነሺ። ሐሙስ ገና አላለፈም። ለዶክተሩ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ዶክተሩ ቤት ደረሱ። ዶክተር ፈይሳ በነጠላ ጫማ ወጥተው በሩን ከፈቱ። «አቶ መርዳሳ! በደህና ነው?»

አባቷ ለልጃቸው ቦታ ለቀው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።