የአሥራ ሰባት ቁጥር ጳጉሜ

«አንቺ ልጅ ዝም ብሎ ማየት ነው የምትችዪው። ግድ የለም፣ አንድ ቀን ለእሱም ሥራ ይገኝለታል» ብሏት ነበር አባቷ ደባሱ። ያኔ አይናዲስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ የተቀደደ መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጠግናል፣ እሷ ጣቶቹን ታያለች።

ሥራው የተገኘው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አርባ አንድ አቆስጣዎች ሐይቁ ውስጥ ተገኙ። አቆስጣ የባሕር እንስሳ ነው፤ ፊቱ የውሻ፣ ገላው የዓሣ ይመስላል፣ ጺም አለው፣ በእግር ፈንታ መቅዘፊያ የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሐይቁ ግን ዙሪያውን ተራራ ነው፤ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው አንድም ወንዝ የለም። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቁጥሩ በግዕዝ አኃዝ ተጽፎ ስለነበር ከውጭ አገር የመጡ አይደሉም ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ከተማውን ያሳሰበው ዓሣውን ይጨርሱብናል ወይ የሚለው ብቻ ነበር።

ይህንኑ ለማወቅ የዓሣ ሀብት ቢሮው ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹን በሞተር ሳይክል ያመጡት አቶ ጥላዬ የሚባሉ ባለሙያ ናቸው። የሚጽፍ ሰው ሲያፈላልጉ አይናዲስን አገኙ። ዓሣ እየፋቀች ነው የምትኖረው፤ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፣ የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጇን ናርዶስን አዝላ ውላ ትገባለች። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። አቶ ጥላዬ ጽሕፈቷን አዩና የሚፈልጉት ወሬ የማያበዛ ሰው መሆኑን ነግረው ቅጹን አስረከቧት።

ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ ዕረፍት፣ ምግብ ፍለጋ፣ ጉዞ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት፣ በየሩብ ሰዓቱ፣ እያንዳንዱ እንስሳ ምን ላይ እንዳለ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። የሌሊቱን ቢሮው ራሱ ከቀኑ ገልብጦ ይሞላዋል። የቀኑ ድምር አሥራ ሁለት ሰዓት መምጣት አለበት። ድምሩ የጎደለ እንስሳ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ እንስሳ አይደለም፤ በሁለቱም ምክንያት በመኪና ተጭኖ ይወሰዳል። ወዴት እንደሚወሰድ ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። በመጋቢት አራት ቁጥርና ሠላሳ ቁጥር ተወሰዱ። አይናዲስ ዝናብ ጋርዷት ሁለቱን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሳታያቸው ቀርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢመጣም ከዳር አትነሣም፤ ልጇን በላስቲክ ሸፍና ትቀመጣለች።

እየቆየች ለመደቻቸው። ሲያርፉ ዐለቱ ላይ እንደ ታጠበ ልብስ ተዘርግተው ነው። ምግብ ሲፈልጉ ይጠልቃሉ፤ አንዳንዱ የጠፋ እስኪመስል ይቆይና ዓሣ ነክሶ ብቅ ይላል። ጉዟቸው ከዚህ ዳር እስከዚያ ማዶ ነው። ደርሰው ይመለሳሉ። ማዶ ምን እንዳላቸው አይታወቅም።

አሥራ ሰባት ቁጥር አባቷ ነበር።

ደባሱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ የጳጉሜ ጠዋት፣ በታንኳ ወጥቶ አልተመለሰም። ታንኳው ተመልሷል። አሥራ ሰባት ቁጥር በግራ ጎኑ ተኝቶ አንድ መቅዘፊያውን ጉንጩ ስር ያደርጋል፤ ከመጥለቁ በፊት ሁለቴ እፍ ይላል። የአባቷ የመረብ ጓደኛ የነበሩት አያ እንድሪስም አጠገቧ ተቀምጠው ሲያዩት ወዲያው ነው ያወቁት።

«ሰውዬው ዛሬም ሲያዛጋ አፉን አይሸፍንም» አሉ።

አያ እንድሪስ በበኩላቸው ዐይናቸው ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው። ሚስታቸው ሰዓዳ ነበረች፣ ጎርፍ የወሰዳት። ሌሎቹ ዐለት ላይ ቦታ አይተውላትም፣ ድሮም ለሰው ስትለቅ ነው የኖረችው እያሉ ቀኑን ሙሉ ያማርራሉ።

በግንቦት አይናዲስ ተሳሳተች። ናርዶስ እያለቀሰች ነበርና ዐለቱ ላይ ለተኛችው ዘጠኝ ቁጥር ሳታስበው ጉዞ ላይ ምልክት አደረገች። ቀና ስትል ዐለቱ ደረቅ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር ማዶው ላይ ትዋኛለች። አያ እንድሪስን ብትጠይቃቸው ከጠዋት ጀምሮ ስትዋኝ ነው የዋለችው፣ ዐይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም አሉ። አይናዲስ በላጲስ አጠፋችና ዕረፍት ላይ ጻፈች። ዘጠኝ ቁጥር ዐለቱ ላይ ተኝታ ነበር፤ ገላዋም ደርቋል። አያ እንድሪስም ከጠዋት ጀምሮ ስትተኛ ነው የዋለችው አሉ። ሁለቱንም የምታውቀው የጻፈችው አይናዲስ ብቻ ናት። ለማንም አልተናገረችም። ብቻ እርሳሱን ሳትቸኩል መያዝ ጀመረች።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ቅጹ አለቀ። ያሳተመው ሰው ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር፣ ወሩን በሠላሳ ቀን አስቦ ነው ያሠራው፤ ጳጉሜ ተረስታለች። አቶ ጥላዬ የመጨረሻውን ወረቀት ሲረከቡ ገጾቹን ሁለቴ ቆጠሩ፣ ራሳቸውን አከኩ፣ ከዚያ አምስቱን ቀን እንድታርፍ ነገሯት።

«እነሱስ?» አለች።

«እነሱም ቅጽ የላቸውም።»

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ሐይቁ ባዶ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙም ወደ ከተማው ወጥተዋል። ሃያ ሁለት ቁጥር ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዘች። ስምንት ቁጥር ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ አስነበበ። ሰው ወንበር ሳበላቸው፣ ወንበሩ ስለማይመቻቸው ደግሞ ከረጢት አነጠፈላቸው። አያ እንድሪስ ዘጠኝ ቁጥርን ግቢያቸው ውስጥ አስቀምጠው ገላዋ እንዳይደርቅ በጣሳ ውሃ ሲያፈሱባት ዋሉ፤ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ይኸው ዛሬም ጣሪያውን አላስጠገንክም እያለች ትጨቀጭቀኛለች ብለው ለአይናዲስ ነገሯት። ድምፃቸው የተማረረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

አሥራ ሰባት ቁጥር ሦስት ሰዓት ላይ የአይናዲስን ደጃፍ በሆዱ ተሻግሮ ገባ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚሁ ሐይቅ ውስጥ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«አራት ሰዓት እተኛለሁ፣ አራት ሰዓት ዓሣ እፈልጋለሁ፣ አራት ሰዓት እሄዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመሻል።»

አይናዲስ ይህን መልስ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። ደብተሯን ዘግታ ዓሣ መፋቅ የጀመረች ቀን፣ ስትዳር፣ ስታምጥ፣ የሚመልሰውን በሐሳቧ ስትጽፍለት ነበር። እሷ የጻፈችለት ከዚህ ይረዝማል። ቢሆንም ቁርስ ሰጠችው።

አምስቱ ቀን እንዲህ ሆነ። መረብ ልጠግን ብሎ ሞከረ፣ መቅዘፊያው እምቢ አለው፤ እሷ እየጠገነች እሱ በአገጩ አሳያት። ቋጠሮውን አልረሳውም፣ እሷም የረሳች መስሏት ነበር እንጂ ጣቷ ያውቀዋል። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ሲወጡ አሥራ ሰባት ቁጥር ናርዶስን በሁለት መቅዘፊያው አቅፎ ወጣ። አይናዲስን በልጅነቷ የሚይዛት እንደዚሁ ነበር፤ ውሃው ዐይኗ ውስጥ እንዳይገባ ግንባሯ ላይ መዳፉን እንደ ቆብ ደፍቶ። እሷ በሩ ላይ ቆማ አየች። መዳፍ ባይኖረውም የናርዶስ ግንባር ላይ የሚያደርገውን ያውቃል።

ጳጉሜ አምስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። አሥራ ሰባት ቁጥር ጓዳ ውስጥ ናርዶስን በሳፋ ገላዋን እያጠባት ነበር። አይናዲስ መጋረጃውን ለቀቀችና ወደ ደጅ ወጣች።

አቶ ጥላዬ አንድ ወረቀት ይዘዋል። ከላይ ተደውሎ ዓመቱ አምስት ቀን ጎድሏል እንደተባለ፣ ዛሬውኑ ሞልቶ መላክ እንዳለበት አስረዷት። እርሳስ ስታወጣ እስክሪብቶ ሰጧት።

«ሳላያቸው ምን ብዬ ልሙላው?»

«እስከ ዛሬ ስታዪው የከረምሽውን ነዋ። ዕረፍት አራት፣ ፍለጋ አራት፣ ጉዞ አራት። ካልሆነልሽ ባዶውን ተዪው፣ እህቴ፤ ባዶ የሆነውን ነገ በመኪና እናነሣዋለን።»

አይናዲስ ልጄን ልይ ብላ ገባች። አሥራ ሰባት ቁጥር የናርዶስን ጸጉር አረፋ እያስያዘ ነበር። ቀና አላለም።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ካልጻፍኩ ይወስዱሃል። ከጻፍኩ ደግሞ አልመጣህም ማለት ነው።»

«እኔስ መምጣቴን አላውቀውም?»

«አታውቀውም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሁለቴ እፍ አለ።

«እንግዲያው እንደ ድሮው ተቀየሚኝ» አላት። «ሐይቁ ዳር ግን ከቦታሽ አትጥፊ።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር። ስምንት ላይ ስትደርስ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ይሰማ የነበረው ንባብ ተቋረጠ። ዘጠኝ ላይ እጇ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ የጣሳ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። አራት፣ አራት፣ አራት ብላ ጻፈች። ውሃው ጸጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያ እንድሪስ ደረቅ ጣሳ ይዘው አጥሩ ላይ ብቅ አሉና፣ ይህቺ ጳጉሜ የሚባል ነገር ምን ያህል እንደምታሰለች፣ አምስት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው እንደከረሙ ነገሯት። አይናዲስ ይመጡና ይቀመጡ አለቻቸው። መጥተው ተቀመጡ።

አሥራ ሰባትን ዘልላ እስከ አርባ አንድ ጻፈች። አቶ ጥላዬ ሰዓታቸውን አዩ። አንድ የቀረ መስመር እንዳለ በጣታቸው አሳዩዋት።

«አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

ጻፈችው። አምስቱንም ቀን፣ አራት አራት እያለች፣ ሳትቸኩል። ድምሩ በየቀኑ አሥራ ሁለት መጣ። አቶ ጥላዬ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጽሕፈቷ ከየካቲት ወዲህ መሻሻሉንም ነገሯት። አያ እንድሪስ ከተቀመጡበት ወደ ሐይቁ እያዩ፣ ያ ሰውዬ ዐለቱን ዛሬም ለብቻው ይዞታል አሉ።

አይናዲስ ወደ ጓዳ ገባች። ሳፋው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ደረቅ ነው። ወለሉም ደረቅ ነው። ሳሙናው ከወረቀቱ አልወጣም። መረቡ ማዕዘን ላይ ተከምሯል፣ እንደተቀደደ ነው። ናርዶስ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ከጸጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። አይናዲስ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ነጠላው ራሰ፣ ጸጉሩ አልደረቀም። ጭምቅ አድርጋ ደግማ ጠረገችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ የሐይቅ ውሃ ይሸታል፣ አንድ አንድ እያለ ከትራሱ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

ሳፋውን ከሚስማሩ አውርዳ ከአልጋው ስር፣ ጠብታው በሚያርፍበት ልክ አስቀመጠችው።