ከመስቀሉ እግር የሚገማው

ዶርካስ ሂክሊንግ አፍንጫዋን የሚያምንላት ሰው አጥታ ከረመች። ከፋሲካ ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ስትናገር፣ ፈገግ እያሉ ያልፏታል። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት የምትለውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል።

የምትለው ግን ግልጽ ነበር። በመቃብሩ ግቢ ያለው የድሮው የድንጋይ መስቀል መሠረት ይገማል። መስቀሉ ራሱ ከተሰበረ ዘመን ቆጥሯል፤ የቀረው ጥቂት ደረጃና፣ አናቱ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ጉማጅ ድንጋይ ነው። በዚያ መንደር ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት ሳጥኑ እዚያ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ ዘመዱም እጁን ሳጥኑ ላይ ጭኖ ይሰናበታል። ሐሙስ የሚያርፈው የባሏ የኔድ ሳጥን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዩን ልታይ ሄደች። አበባ የሚደረድሩት ሴቶች የመሠዊያውን አበባ ከነውሃው ቦይ ውስጥ መድፋት ነውር መስሏቸው፣ ለክብሩ ብለው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገለብጡት ከርመዋል። አገዳው በስብሶ ንፍጥ ሆኗል። አንዲት እርግብ ሆዷ ተነፍቶ ትንሳፈፋለች። ውሻ የሚያንሸራሽሩትም የውሻቸውን ዓይነ ምድር የቋጠሩበትን ጥቁር ከረጢት ጣል አድርገውበታል።

የግቢው ኃላፊ ክሪስፒን ላድብሩክ የሣር ማጨጃውን እየገፋ መጣ።

«ደህና አደሩ፣ ሚስስ ሂክሊንግ? በኔድ በጣም አዝነናል።»

«ሐዘንህን ተወውና ጠጋ በል። አሽትት።»

«የእርጥብ ሣር ሽታ ነው እኮ። ዝናቡ በዝቷል።»

«እርጥብ ሣር ክንፍ አለው እንዴ?»

አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ። «ድንጋዩ ቅርስ ነው፤ ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አይነካም። ጠይቀናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ሐሙስ ሳጥኑን በቀጥታ ብናስገባውስ? ማን ያስተውላል?»

«እኔ። የአባትህም ሳጥን እዚሁ ነው ያረፈው። ከፊት የተሸከመው ኔድ ነበር፤ አንተማ ከኋላ ትነፋረቅ ነበር።»

«ፈቃዱ ሳይመጣ…»

«አበባ ሲገለብጡበት ፈቃድ ነበራቸው? እርግቧስ አስፈቅዳ ነው የሞተችው?»

ዶርካስ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረች፤ ዝልግልጉ ቆዳዋ ላይ ሲላወስ ጥርሷን ነከሰች። ያወጣችውን እፍኝ ማጨጃው ላይ ዘረገፈችው።

«ይኸው የእኔ ድርሻ። የቀረውን አንተ ታወጣዋለህ፤ ድንጋዩን እንዳትጭረው በአካፋ ሳይሆን በእጅህ። ከዚያ በፈላ ውሃ ታጥበዋለህ። ኮትህን አውልቅና ጀምር፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»