የግንቡ መቃብሮች

ግንቡን ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ «የሡልጣን ቤት ነበር» ይላሉ፤ የትኛው ሡልጣን ሲባሉ ያስላቸዋል። ከጨፋ ሮቢት በላይ ጉብታው ላይ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሟል። ዙሪያውን የከበበው ጉድባ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላና መግቢያው በአንድ በኩል ብቻ ይሆናል። ልጄ በድሩ የተቀበረው እዚያ ውስጥ ነው። በነሐሴ ወባ ገደለብኝ። የመንደሩን መቃብር ውሃ ውጦት ስለነበር ወንዶቹ ወደ ግንቡ አወጡት። እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሄድም። ቤቴ ቁጭ ብዬ «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» እያልኩ አለቀስኩ።

በዓመቱ የመንገድ ሥራ መጣ። ተራራ ሙሉ ድንጋይ እያለ የሰዎቹ ዓይን ያረፈው ግንቡ ላይ ነው። ለማፍረስ መቼም ሰነፍ የለም።

የባሌ ወንድም እንድሪስ እየሮጠ መጣ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔንና በድሩን ያኖረን እሱ ነው። ደግ ነው፤ ግን ችኩል።

«እታለም፣ መቃብሩ አንድ ብቻ ከሆነ አንሱ ይሉናል። ብዙ ከሆነ ግን ማን ይደፍራል? ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ።»

ጁምዓ ከሰላት በኋላ የመንደሩን ወንዶች ይዞ ወጣ። አፈር ቆለሉ፣ ድንጋይ አቆሙ፤ ሳይመሽ ግንቡ ውስጥ መቃብር በመቃብር ሆነ። ለእኔ ብለው ነው። መረቅኳቸው።

መሐንዲሱ ሲመጣ እኔም ግንቡ መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር። እንድሪስ «ሁሉም የኛ ሙታን ናቸው፣ ወላሂ!» ብሎ ማለ። ሰውየው ሊመለስ ነበር። አብሮት የመጣው ሪድዋን የሚባል የከሚሴ ልጅ ግን ሙስሊም ነው። መቃብሮቹን አየና ሳቀ።

«እነዚህ ሙታን እግራቸውን ወደ ቂብላ ዘርግተው ነው እንዴ የተኙት?»

የሙስሊም ሬሳ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ዞሮ በጎኑ ነው የሚተኛው። የኛዎቹ ቸኩለው መቃብሮቹን የግንቡን ግድግዳ ተከትለው ደርድረዋቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ቂብላ ሲሰግዱ የኖሩ ሰዎች! ሪድዋን አንዱን አስቆፈረ። ባዶ። ሌላውንም አስቆፈረ። ባዶ።

ሮጬ የልጄ መቃብር ላይ ወደቅኩ። «ይኼ እውነት ነው! የልጄ ነው!»

«እናቴ፣ ሁሉም እውነት ነው ተብሎ ተምሎልናል» አለኝ ሪድዋን።

«ይኼ እኮ አተኛኘቱ ትክክል ነው፣ እየው!»

«አንዱ ቀንቷችሁ ይሆናል። እውነት ከሆነ ተከፍቶ ይታይ። ካልሆነ ዶዘሩ ይግባ።»

እንድሪስ እንደገና ወላሂ አለ። ማን ይስማው?

ዶማውን ከቆፋሪው እጅ ነጠቅኩት። ሌላ ሰው ልጄን እንዲነካብኝ አልፈለግኩም። በዶማ ጀመርኩ፤ እንዳልመታው ስለፈራሁ በእጄ ጨረስኩ። በላዩ የተረበረበውን እንጨት ሳነሳ አፈር የበላው የከፈን ጨርቅ ብቅ አለ። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«አመንከኝ?» አልኩት ሪድዋንን።

«ኢናሊላሂ... አመንኩ፣ እናቴ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ልጄ ተረፈልኝ ብዬ አላህን ሳመሰግን መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

«እንግዲህ ያለው መቃብር አንድ ብቻ ነው» አለ። «ከተከፈተ አይቀር፣ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት። ዶዘሩ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።»

ዶዘሩ ተነሳ።

ልጄን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። እንድሪስ እያለቀሰ ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። ሲቀበር ጎረምሶች እየተቀያየሩ የተሸከሙትን ልጅ፣ ብቻዬን ታቅፌው ጉድባውን ተሻገርኩ። ምንም አልከበደኝም። ምነው ትንሽ እንኳ በከበደኝ!